ልጅቷ ነቅታ እያለች

ሱሉልታ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮዳስ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዘርሁንስ እንዴት ነው? እኔ ከእስር ወጥቻለሁ። አባቴ ቤት፣ ሱሉልታ ነኝ።

«ከወጣሽ ሰንብተሻል አሉ፤ ለምን አትመጪም? ስልክስ ለምን አትደውዪም?» ብለሽ በሹፌሩ በከድሩ የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልክ ስይዝ ሌላ ሰው አብሮ የሚሰማ ይመስለኛል፤ ምላሴ ይታሰራል። እንዳልመጣ ደግሞ በየሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያ ቀርበሽ ፈርሚ፣ ከሱሉልታም እንዳትወጪ ተብያለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ያን ቀን ቡራዩ ግቢያችን ሲገቡ እኔና ጋሮማ ገና ከትምህርት ቤት መመለሳችን ነበር። ተማሪዎቻችን የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጡ፤ ለምን አላስቆማችሁም ተብለን ባልና ሚስት ተወሰድን። ሊቤ ጡቴ ላይ ነበረች። ቅርቤ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ የግቢ ጎረቤቴ። «ያዢልኝ» አልኩሽ። እስከ ማታ ድረስ ብቻ የምትይዣት መስሎኝ ነበር።

አሁን ስለ እሷ ልጠይቅሽ ብዕር ሳነሳ ጥያቄው አይመጣልኝም። ጥርስ አወጣች? ቆመች? ይህን አላፊ አግዳሚውም ይጠይቃል። እናት የምትጠይቀው ምን እንደሆነ ጠፍቶኛል። እስቲ ያልጠየቅሁሽን ጻፊልኝ።

ስለ ጋሮማ የሰማሁት ነገር የለም።

እህትሽ አያንቱ


ሰበታ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ አያንቱዬ፣

በጌታችን ስም ሰላም እልሻለሁ። ደብዳቤሽን ዘርሁን ከፋብሪካ ሲመለስ ከከድሩ ተቀብሎ አመጣልኝ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሊቤም እኔን አይታ ቁጭ አለች። እኔ ያደረግሁትን ሁሉ ታደርጋለች።

ያልጠየቅሽኝን ጻፊልኝ ብለሻል። ጆሮዬን ሳትይዝ አትተኛም። ድንች ትወዳለች፤ ፓፓያ ስሰጣት ግን እንደ ትልቅ ሰው ፊቷን ታዞርብኛለች። ግድግዳ ይዛ ትሄድና ግድግዳው ሲያልቅ ቆማ ትጣራለች። እንግዳ ሲመጣ አገጬ ሥር ትደበቅና በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮፍያ ያደረገ ሰው ትፈራለች። ይህን ብተወው ይሻል ነበር፤ ግን ያልጠየቅሁሽን ስላልሽ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሰው አፍ ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ። ጡጦ አልይዝም አለች። ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትውላለች። እኔ ልጅ አሳድጌ አላውቅም፤ አባብላታለሁ እያልኩ የባሰ አስጮሃት ነበር። በኋላ የገባኝ፣ ስይዛት ጭምቅ አድርጌ ነው። ታዲያ አንድ ቀን አስቀመጥኳትና ለራሴ «ሮዳስ፣ ፈርተሻል። ትሞትብኛለች ብለሽ ነው የፈራሽው» አልኩት። ስሙን ስጠራው ፍርሃቱ አልሄደም፤ እጄ ግን ላላ። መልሼ ሳነሳት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲህ ስታለቅስ መጀመሪያ የራሴን ልብ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ የእሷን።

በኦሮምኛ እናት «አዮ» ትባላለች ብለሽ የነገርሽኝን ይዤ፣ በየማታው «አዮ ትመጣለች» እላታለሁ። አንድ ነገር ሳልጽፍልሽ አልፌያለሁ፤ ስንገናኝ ራስሽ ትሰሚዋለሽ። ለመስቀል ይዘናት እንመጣለን። ድንገት አትውሰጂያት እንጂ የፈለግሽውን አድርጊ።

ሮዳስሽ


ሱሉልታ፣ መስከረም 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ሮዳስዬ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳትጽፊ ያለፍሽውንም ጭምር። «እማ» ትልሻለች፣ አይደል? አትፍሪ። ካንቺ ሌላ ማንን ልትል ኖሯል? በእርግጥ ሲያቃጥለኝ አድሯል። ማቃጠሉ ግን ካንቺ ጋር አያጣላኝም።

አባባ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ሰበታ ከመግባታችሁ በፊት፣ ቡራዩ ሳላችሁ መጥተው ሊቤ አንገትሽን አንቃ ስትይዝሽ ያዩ ጊዜ፣ «እናቷ እስክትመጣ ከዚህች ልጅ ጋር ትቆይ» ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ አጎቴን ሰበታ ልከው ሊያስመጧት ፈለጉ። «ልጅ ምን ያውቃል፤ ሁለት ሦስት ቀን አልቅሳ ትረሳለች» ይላሉ። ለክፋት አይደለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህ ቤት ድምፅ የለውም፤ ልጅ እንዲጮህበት ይፈልጋሉ። እምቢ አልኳቸው። ለአባቴ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ለመስቀል ኑ። ደጅ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

አያንቱ


ሰበታ፣ መስከረም 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

በሰላም ገብተናል። ለአባትሽ ለኦቦ ገርባ ስለ እርጎውና ስለ ቅቤው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። አክብረውናል።

ከዚያ በኋላ ስላለው ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ልጅቷ ደጁ ላይ ስታይሽ ጮኸች፤ ይህን ሁላችንም ጠብቀነዋል። አንቺ ግን ፊትሽ እንደ ግንብ ሆነ፤ ዞረሽ ገባሽና በሩን ዘጋሽው። እስክንሄድም አልወጣሽም። መንገድ ላይ ዘርሁን «እኔ እንጃ ሮዲ፣ አልፈለገቻትም» አለኝ። እንዲያ አትበል ብዬ ተቆጣሁት።

ግን የልቤን ልንገርሽ። ዘርሁን ይህን ሲል ውስጤ ደስ ያለው አንድ ጥግ ነበር። ለእኔ ልትቀር ነው አልኩ። አያንቱ፣ ስንት ዓመት የማሕፀን ፍሬ ከጌታ ስጠይቅ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ያን ደስታ ሳየው ደነገጥኩ። ላባርረው አልቻልኩም። አየሁህ፣ ቁጭ በል፣ አንተ አትወስንም አልኩት።

ያላየሽውን ደግሞ ልንገርሽ። ከገባሽ በኋላ ልቅሶዋ ሲበርድ፣ እቅፌ ውስጥ ሆና ያን የተዘጋ በር ስታይ ቆየች። ቡራዩ በሩን ታይ እንደነበረው። ሌላ ሰው ቢያስፈራት ኖሮ ፊቷን ታዞር ነበር።

እውነቱን ንገሪኝ። ትፈልጊያታለሽ?

ሮዳስ


ሱሉልታ፣ መስከረም 23 ቀን 2009 ዓ.ም.

ሮዳስ፣

ትናንት ከቢሾፍቱ የመጣውን ወሬ ሰምተሻል። ለእሬቻ በዓል ከእኛ ሰፈርም የሄዱ ነበሩ። ያልተመለሱ አሉ። ከጎረቤት ለቅሶ ይሰማል፤ አባባ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ራሴ ልብ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ጥያቄሽ ግን ማደር የለበትም።

እዚያ ውስጥ ሰው ፊቱን መዝጋት ይማራል። ከፊትሽ ላይ አንድ ነገር ካነበቡ እሱኑ ይዘው ይመጡብሻል። ልጅሽን ስታስቢ አይተው ስለ ልጅሽ ይጠይቁሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊቴን ዘጋሁ፤ ቆይቶ ውስጤም አብሮ ተዘጋ። ጡቴ ሲደርቅ እንኳ አላለቀስኩም። ስወጣ ይከፈታል ብዬ ነበር፤ አልተከፈተም። አባባ አቅፈውኝ ሲያለቅሱ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግሁ፣ እንደ እንግዳ ሰው።

በመስቀል ሊቤ ፊቴን አየች። የጮኸችው እኔን ስላላወቀችኝ ብቻ አልመሰለኝም። ፊቴ ላይ ሰው ፈልጋ አጣች። ከዚያ በላይ እንዳታይ ብዬ ገባሁ። እንዲህ ያለ ፊት ከምታይ ባታየኝ ይሻላታል ብዬ ነው እንጂ ስላልፈለግኋት አይደለም።

እፈልጋታለሁ። መፈለጌን የማውቀው ግን እንደ ሌላው ሰው ልቤ ስለሚመታ አይደለም። ስትሄዱ በሩን ከፍቼ መኪናው ከታጠፈ በኋላም ባዶውን መንገድ ስመለከት ስለመሸብኝ ነው።

አሁን ካንቺ ብወስዳት ሁለተኛ ጊዜ ከእናቷ ትነጠቃለች። ይህን አላደርግም። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ያ ጥግሽ ውስጥ ያለውን ደስታ ስለነገርሽኝ አከበርኩሽ።

አያንቱ


ቡራዩ፣ መስከረም 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

አያንቱዬ፣

ደህና ነን። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን እወቂ፤ ሊቤ ደህና ናት፣ ዘርሁንም እኔም።

ሰበታ የሆነውን ሰው ነግሮሽ ይሆናል። ዘርሁን የሚሠራበት ፋብሪካ በሁከቱ ተቃጥሏል። እሱ በጓሮ አጥር ዘሎ መጣ። ልብስ እንኳ ሳንይዝ ወጥተን፣ ከፊሉን በእግር ከፊሉን በለመንነው መኪና ቡራዩ ገባን። ያረፍነው የድሮ አከራያችን እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ነው። በር ከፍተው ሲያዩን ምንም ሳይጠይቁ ሊቤን ተቀበሉኝ። አሁን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል ይላሉ፤ መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል። ኔትወርክ የለም። ከድሩ ባገኘው ቀዳዳ አደርሰዋለሁ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

መንገድ ላይ ጭሱ ሲሸፍነን ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ፊቴን ብቻ ታያለች። እኔም አልፈራሁም ብዬ አላስመሰልኩም፤ ልጅ ማስመሰልን ይለያል። «እማ ፈርታለች፤ ግን ይዛሻለች» እያልኩ በጆሮዋ ተነፈስኩላት። ቃሉ ይግባት አይግባት አላውቅም። ጆሮዬን እንደያዘች ተኛች።

ዘርሁን ሥራው ስለቀረ አገራችን ሆሳዕና እንግባ ብሏል። ሌላ ምርጫም የለንም። ሊቤን ደጃችሁ ጥዬ መሄድ ግን አልችልም። ስለዚህ ተነጋገርን። እሱ ይቀድማል፤ እኔ ደግሞ ልጅቷ አንቺን እስክትለምድ እናንተ ዘንድ እቀመጣለሁ። አባትሽ ከፈቀዱ ነው። ጊዜው ክፉ ነው፤ ከደቡብ የመጣች ሰው ቤታችሁ አስቀመጣችሁ የሚል አይጠፋም። ቢከብዳቸው አልቀየምም።

ሮዳስ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ሮዳስ፣

ለአባባ አነበብኩላቸው። ፈቃድ የጠየቅሽበት ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። «ይህች ልጅ ፈቃድ የምትጠይቀው ማንን ነው?» አሉኝና፣ ወጥተው ለመንደሩ ሽማግሌዎች ቤታቸው ልጃቸው እንደምትመጣ ነገሩ። ልጃቸው ያሉት አንቺን ነው።

አልጋ አንጥፌያለሁ። ሦስታችን አንድ ክፍል እንተኛለን። ነይ።

አያንቱ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ሮዳስዬ፣

ሆሳዕና በሰላም መግባትሽን ዘርሁን ለአባባ ደውሎ ነገራቸው። «ከሄድኩ በኋላ ምን ሆነች?» ብለሽ እንዳስጠየቅሽም ሰማሁ። ልደውልልሽ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ እናለቅሳለን እንጂ አንነጋገርም።

የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ሊቤ ስትተኛ ውጪ ብለውሽ ነበር። አንቺም እንባዋን ማየት ፈርተሽ ልትስማሚ ምንም አልቀረሽም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ከእንቅልፏ ነቅታ ብታጣሽ እንቅልፍን መፍራት ትጀምራለች ብዬ አሰብኩ። አሁንም ልክ እንደነበርኩ አምናለሁ፤ ያን ዕለት ግን አስፋልቱ ዳር ቆመሽ «እማ ትሄዳለች። ያዘነችው እማ ናት፤ አንቺ አላጠፋሽም። አዮ አለች» ስትያት ልቤ ተጠራጥሮ ነበር።

ሚኒባሱ ሲነሳ ሰውነቷ ወደ ኋላ ተቀስሮ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። «እማ! እማ!» ትላለች። ዝም በይ አላልኳትም። ጥጃ እያሳየሁ ላዘናጋትም አልሞከርኩም። አብረን በኖርንባቸው ሳምንታት፣ አንቺ አጥበሻት እኔ ውኃ ሳፈስ፣ ቆይቶም እኔ አጥቤያት አንቺ ስታፈሺ፣ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ለቅሶዋን አትሸሺውም ነበር። እኔም «እማ ሄደች። በጣም ያሳዝናል» አልኳት። ሦስተኛውን ቃል ስናገር ድምፄ ተሰበረ።

ከዚያ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስላንቺ አለቀስኩ፤ ስለ ጋሮማ፣ ስለ ደረቀው ጡቴ፣ መቀመጧንና ጥርስ ማውጣቷን ሳላይ ስለቀረሁባት ልጅ አለቀስኩ። ሊቤ ድንገት ዝም አለች። እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ እርጥቡን ነካችው፣ እጇን አየችው፣ መልሳ እኔን አየችኝ። ከዚያ ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች፤ ግን ወደ ኋላ መቀሰሯን ተወች። ወደ እኔ ተደፍታ ነው ያለቀሰችው። አባባ ደረሱ። ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያየን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ቆሙልን።

ይህ ደጉ ነው። አሁን ያስጨነቀኝን ልንገርሽ። ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሆናለች። የሰጠኋትን ትበላለች፤ ሳስተኛት ዓይኗን ትከድናለች። የፓፓያውን ኩርፊያ እንኳ አላሳየችኝም። ሰው ሁሉ «ለመደችሽ፣ እሰይ» ይለኛል። እኔ መምህር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ የማያስቸግር ልጅ ሁሉ ደህና እንዳልሆነ አይቻለሁ። ልጄ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ናት። እኔም ካስቀየምኳት ትሄዳለች እያልኩ እፈራለሁ። ሁለት እንግዶች ሆነናል።

አያንቱ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአያንቱ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ዘርሁን የግንባታ ሥራ አግኝቷል። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት ጡጦ ላጥብ እነሳና መሀል ላይ ትዝ ይለኛል። አማቴ ያዩኛል። አንድ ቀን አብረውኝ ተነስተው ባዶው ወጥ ቤት ውስጥ አጠገቤ ቆሙ። እንደዚያ ነኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለ ጨዋነቷ ምን ልበልሽ? አላውቅም። እኔ ዘንድ የመጣችው አምስት ወሯ ነበር፤ የዚያን ጊዜዋና የአሁኗ አንድ አይደሉም። ብቻ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። አንቺ እሷን ማስቀየም ስለምትፈሪ፣ እሷም አንቺን ማስቀየም ትፈራ ይሆን? እኔ አንዳንዴ «አይሆንም» እላት ነበር፤ ትቆጣኝ ነበር። አንቺ እዚያ ቤት ውስጥ አይሆንም ስትያት ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። «እማ» ብላ ስትጣራ አትደንግጪ። አብረሻት ጥሪልኝ። ሁለታችንን አብራ መውደድ የምትችልበት ቦታ ይኑራት። እየቆየች ከረሳችኝም አታስታውሻት፤ ያም መልካም ነው።

ስለ ጋሮማ ምን ሰማሽ?

ሮዳስ


ሱሉልታ፣ ጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ሮዳስዬ፣

ጋሮማን አየሁት። ከሱሉልታ እንድወጣ ለአንድ ቀን ፈቀዱልኝ። ከስቷል፤ መቼ እንደሚፈታም የሚነግረው የለም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሊቤ በምን እንደምትስቅ ነው። አባባ የዝንብ ድምፅ ሲያሰሙላት አልኩት፤ ሽቦው ማዶ ሆኖ እሱም ሳቀ። ስላንቺ ነገርኩት። «ስፈታ አብረን ሆሳዕና እንሄዳለን» አለ።

«አይሆንም ስትያት አልሰማሁም» ያልሽው እውነት ነበር። አነበብኩትና ተቆጣሁሽ፤ ሳድር ቁጣዬ ራሴን የሚመለከት ሆነ። ለመጻፍ የዘገየሁት ለዚህ ነው፤ ይቅርታ።

ትናንት ከሰዓት የአባባ ጥጃ በተከፈተ በር ወጣች፤ ሊቤ ተከትላት ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ደርሼ አነሳኋት። «አይሆንም! መኪና አለ» አልኳት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰውነቷ ደረቀ። ልክ እንደ በፊቱ ዝም የምትል መስሎኝ ነበር፤ ልትልም ጀምራ ነበር። ከዚያ አፏ ተከፈተ። ኦሮምኛም አማርኛም ባልሆነ ቋንቋ ሰደበችኝ። በጥፊ ፊቴን መታችኝ።

ግቢ አስገብቼ አወረድኳት፣ እኔም መሬት ተቀመጥኩ። «ተናደድሽ። ጥጃዋን ፈልገሽ ነበር። እኔ ከለከልኩሽ» አልኳት። ጥላኝ ሄደች። አጥሩ ጋ ደርሳ ዞራ አየችኝ። አልተነሳሁም፤ ፊቴንም አልዘጋሁም። ፈርቼ ነበር፤ ፈርተሻል አያንቱ አልኩና ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። የበለጠ እያለቀሰች ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ወደቀች፣ ተነሳች። «እማ» አለች፣ ከዚያ «አዮ» አለች፣ ደግሞ «እማ»። ሁለቱንም አብሬያት ጠራሁ። አንዲት ጎረቤት አጥሩ ላይ ሆና «ልጅሽ ተበላሸች፣ እናቷን ትማታለች» ስትል ሳቄ መጣ፤ ሴትዮዋም ግራ ተጋባች።

ጭኔ ላይ ስትወጣ ገና ቁጣዋ አልበረደም። በአንድ እጇ ትከሻዬን ትመታለች፣ በሌላው ኮሌታዬን ጨብጣለች። የምትመታው እጇ ቀድሞ ደከመ። የያዘችበትን ግን እስክትተኛ አልለቀቀችም።

እህትሽ አያንቱ